ጥቅምት ላይ አረንጓዴ የሚሆን ኩሬ፦ ችግሩና መፍትሄው

ጥቅምት ሲገባ ስልኬ እረፍት የለውም። «ፓምፑ ውሃ አልሰጥ አለ።» «ድሪፑ ተደፈነ።» «ኩሬው ጎመን መሰለ።» ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ አቃቂ፤ ቦታው ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ሥራዬ ፓምፕና የጠብታ መስኖ መጠገን ነው፤ አብዛኛው ጥሪ ግን የፓምፕ ችግር ሆኖ አላገኘሁትም። ነዳጁን፣ ፉት ቫልቩን (መምጠጫው ጫፍ ላይ ውሃ እንዳይመለስ የሚይዘውን ክዳን) እና ቱቦው አየር እንዳያስገባ አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ልቀጥል።

ምልክት፦ ፊልተሩ በየሁለት ሰዓቱ ይደፈናል፣ ኩሬው አረንጓዴ ነው

ፊልተሩን አትውቀሱ። ውሃው ውስጥ አልጌ፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ደቃቅ ነገር፣ ፈልቷል። አልጌውን የቀለበው ደግሞ ከላይ ካለው ማሳ ታጥቦ የመጣ ማዳበሪያና ፍግ ነው።

ሰው የሚሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። ማዳበሪያው ኩሬ የሚገባው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ያኔ ውሃው በደለል ቡና መስሏል። ብርሃን ስለማይገባው አልጌ እንደልቡ አይበቅልም። መስከረም ሲጠባ ደለሉ ይዘቅጣል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ፀሐይ ውሃው ውስጥ ትገባለች። ከዚያማ በሳምንት በሁለት ሳምንት አረንጓዴ ነው። «ባለፈው ሳምንት እኮ ደህና ነበር» ይሉኛል። ደህና አልነበረም፤ ምግቡ ከክረምት ጀምሮ ውስጡ ተቀምጧል።

ማዳበሪያውና ፍጉ ውስጥ ካለው የአልጌ ምግብ ናይትሮጅኑ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይሄዳል። ፎስፈረስ ግን በአብዛኛው አፈር ላይ ተጣብቆ፣ አፈሩ ሲታጠብ አብሮ ይወርዳል። ጎርፉ ቡናማ ከሆነ ፎስፈረስ እየገባላችሁ ነው። አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ውስጥ 16 ኪሎ ተኩል ያህል ፎስፈረስ አለ። አንድ ኪሎ ፎስፈረስ ደግሞ እስከ 500 ኪሎ እርጥብ አልጌ ሊያበቅል ይችላል። ስለዚህ ኩሬ ለማበላሸት ትንሽ መታጠብ ይበቃል። የእኛ ጥቁር አፈር ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ሐምሌ ላይ አንዴ ውሃ ከጠገበ ማስረግ ያቆማል፤ የዘነበው ሁሉ ላዩን ይዞ ይነጉዳል።

ሱሉልታ አንድ የወተት ላም የሚያረቡ አባት ጋ ሄድኩ። በአንድ ወቅት ሦስት ፊልተር ቀይረዋል። ሦስቱም ስም የሌላቸው፣ ወንፊታቸው በጣት ሲነካ የሚቀደድ ርካሽ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለውን አምጥቶ ለገበሬ መሸጥ ያናድደኛል። ፊልተሩን ትቼ ወደ ላይ ወጣሁ። ከኩሬው በላይ፣ አሥር እርምጃ ላይ፣ የእበት ክምር አለ። ከሥሩ ጣት የምታክል ፈሳሽ ትወጣለች። መልኳ የቆየ ሻይ፣ ሽታዋ ዓይን የሚያቃጥል። ቁልቁል ሣሩን ሰንጥቃ በቀጥታ ኩሬው ውስጥ ትገባለች። «ልጄ፣ ይሄ እበት ነው እንጂ ኬሚካል አይደለም» አሉኝ። አባባ፣ ለአልጌው ልዩነት የለውም አልኳቸው። ክምሩን ከኩሬው ዝቅ ወዳለ ቦታ አዛወርነው፣ ዙሪያውን በአፈር ከተርነው፣ ክረምት ክረምት ላስቲክ ይለብሳል። በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ አልደወሉም።

ከማንኛውም እርምጃ በፊት ይህን ሞክሩ። ጓንት አድርጉና በሃይላንድ ጠርሙስ ከኩሬው ውሃ ቅዱ። ጠርሙሱ አይሙላ፣ ክዳኑም አይጥበቅ። ሳትነካኩት ይደር። ጠዋት አረንጓዴው ከታች ከተኛ ተራ አልጌ ነው። ከላይ እንደ ቀለም ከሰፈፈ ግን ሰማያዊ አረንጓዴ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ያን ጊዜ ከብት አታጠጡ። ሰላጣ ላይ አትርጩ። ልጆች አይዋኙበት። ማፍላት መርዙን አያጠፋውም፣ አፍልቼ እጠጣዋለሁ እንዳትሉ!

አልጌውን ለመግደል ብላችሁ ሰማያዊውን የኮፐር ሰልፌት ዱቄት አትጨምሩ። ደግሜ እላለሁ፣ አትጨምሩ። ሰበታ አካባቢ አንድ ሰው ጨመረ። በማግስቱ ውሃው ጠራ፣ ደስ አለው። በሦስተኛው ቀን ኩሬው ገማ፣ ያረባው ቆሮሶ ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ። የሞተ አልጌ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። መርዝ ካለበትም ሲሞት ይለቀዋል። የበላው ምግብም ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይገባል። በወሩ ኩሬው ከበፊቱ ብሶ አረንጓዴ ሆነ።

መፍትሄው ከኩሬው በላይ ነው። ሰኔ ሳይገባ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ። ወደ ኩሬው መግባት ያለበት ውሃ መጀመሪያ ደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ ውስጥ ይረፍ። በማሳውና በኩሬው መሃል ደሾ ወይም ቬቲቨር ሣር ትከሉ፤ እኔ ከ5 ሜትር ስፋት በታች አልቀበልም። ጎርፉ በአንድ ቦይ ተሰብስቦ ሣሩን ከሰነጠቀው ግን ሣሩ ምንም አይሠራም፤ ውሃው ተበትኖ እንዲያልፍ አድርጉ። ዩሪያ ዳመና እያያችሁ አትበትኑ። ግማሽ ያህሉ ናይትሮጅን ነው፤ አንድ የሌሊት ዶፍ ብራችሁን ይዞ ይሄዳል። ከፋፍላችሁ፣ እርጥብ አፈር ላይ፣ አፈር አልብሱት።

እስከዚያው መስኖ እንዳይቋረጥ የፓምፑን መምጠጫ ባዶ ጀሪካን ላይ እሰሩትና ከውሃው ወለል ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። ከላይ የሰፈፈው አልጌ፣ ከታች ጭቃው አይነካውም። ተራ ወንፊት ትታችሁ የአሸዋ ወይም የዲስክ ፊልተር ግዙ። ግንቦት ላይ ኩሬው ሲጎድል ጭቃውን አውጡ። ፎስፈረሱ እዚያ ተኝቷል፤ ከሥር ኦክስጅን ሲያጣ መልሶ ይለቀዋል። ያወጣችሁትን ጭቃ ማሳ ላይ እንጂ የኩሬው ጠርዝ ላይ አትከምሩት። ስንቱን አይቻለሁ፣ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ሲገባ!

ሌሎች ምልክቶች

ዓሣ ንጋት ላይ አፉን ከውሃ አውጥቶ የሚተነፍስ ከሆነ፦ አልጌው ሌሊት ኦክስጅን ጨርሷል፤ ውሃውን በፓምፕ እየረጫችሁ አየር አስገቡ።

ከአቃቂ ወንዝ የምታጠጡ፣ ሰብሉ ቅጠል ብቻ ከሆነባችሁ፦ ወንዙ ራሱ የከተማ ፍሳሽ ይዞ ናይትሮጅን ያመጣላችኋል፤ ዩሪያውን ቀንሱ። ያ ውሃ ወርዶ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ እምቦጭ ይቀልባል።

ለገዳዲና ድሬ ግድብ ዙሪያ የምታርሱ፦ የእናንተ ጎርፍ የሚገባው አዲስ አበባ የምትጠጣው ውሃ ውስጥ ነው፤ ሣሩን ሰፋ አድርጉት።

የጓሮ ጉድጓድ ውሃ፦ ይህ ምልክት የለውም፣ የሚያስፈራኝም ለዚህ ነው። ናይትሬት፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሟሟው የናይትሮጅን ዓይነት፣ ቀለም፣ ሽታ፣ ጣዕም የለውም። ከማሳ፣ ከእበት ክምርና ከሽንት ቤት ሰርጎ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። በረኪና አያጠፋውም፤ ማፍላት ደግሞ ውሃውን አትንኖ ናይትሬቱን ያከማቸዋል። ቤት ውስጥ ከስድስት ወር በታች ሕፃን ካለ ውሃውን ሳታስመረምሩ የዱቄት ወተት አትበጥብጡበት፤ የሕፃኑ ደም ኦክስጅን መሸከም ሊያቅተው ይችላል። ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ሰማያዊ ከሆነ ቀጥታ ሐኪም ቤት።