የመምህር ቀልድ ሲያስቀይም፦ ስንፈርድ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ክፍል ውስጥ የተናገረው ቀልድ ተማሪ ሲያስቀይም ወዲያው ሁለት ጎራ ይፈጠራል። አንዱ «ይባረር!» ይላል። ሌላው «ቀልድ እኮ ነው፣ አታካብዱ» ይላል። እኔ መምህር በቀልዱ ሊቀጣ የሚገባበት ጊዜ አለ ብዬ አምናለሁ። ግን አፈራረዱ ሲበላሽ ተማሪውም መምህሩም ይጎዳሉ። ልንጠነቀቅላቸው የሚገቡ ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

«ክፍሉ በሙሉ ስቋል» ብሎ ማለፍ

ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል። ተማሪ ሁልጊዜ አስቆት አይደለም የሚስቀው። ማርክ የሚሰጠውም፣ ነገ ሥራ ሲፈልግ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለትም ያው መምህር ነው።

ተማሪ ሳለሁ አንድ የሚንተባተብ ልጅ ጥያቄ ጠየቀ። መምህራችን የልጁን አነጋገር እያስመሰለ መለሰለት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ። ልጁ ራሱ ፈገግ አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሴሚስተሩ እስኪያልቅ አንድም ቀን እጁን ሲያወጣ አላየሁም። ያ ሳቅ እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ጓደኛ ሙድ ቢይዝባችሁ መልሳችሁ ትይዙበታላችሁ፣ ወይም ትታችሁት ትሄዳላችሁ። መምህር ሲይዝባችሁ ሁለቱንም ማድረግ አትችሉም። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቀልዱ ማን ላይ አረፈ የሚለው ነው። መምህሩ በሐሳብ ላይ፣ በባለሥልጣን ላይ ወይም በራሱ ላይ መቀለዱ አንድ ነገር ነው። ፊቱ በተቀመጠ ተማሪ አካል፣ ብሔር፣ ሃይማኖት ወይም ፆታ ላይ ሲቀልድ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ከትምህርቱ ጋር ያለውን ግንኙነት አለማየት

የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1940 ያወጣው መግለጫ ለመምህራን ስለ ትምህርታቸው በነፃነት የመናገር መብት ይሰጣል። ከትምህርቱ ጋር የማይገናኝ አወዛጋቢ ነገር እንዳያስገቡም ያሳስባል። ይህ ልዩነት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። በኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ አንድ የጽሑፍ መምህር በጽሑፍ ላይ ማተኮርን ከወሲብ ጋር አመሳስሎ በማስረዳቱ ያለ ደመወዝ ታግዶ ነበር። በ1994 የፌዴራል ፍርድ ቤት ለመምህሩ ወሰነ፤ ምሳሌው ለማስተማር የቀረበ ነበርና። በ2001 ግን በሚሺጋን አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ተረታ። ክፍል ውስጥ የሚደጋግማቸው ጸያፍ ቃላት ከትምህርቱ ጋር አይገናኙም ተባለ።

ምሳሌው ያሳፍራል ብሎ ብቻ መቅጣት መምህራንን ያስፈራል። የፈራ መምህር ደግሞ ከባድ ርዕስ አይነካም። የሚከስረው ያው ተማሪው ነው።

ያልተነገረ ሕግ ይዞ መቅጣት

መምህሩ ለዓመታት እንዲሁ ሲያስተምር ዝም ተብሎ፣ ጩኸት ሲነሳ በደፈናው «መመሪያ ጥሰሃል» ማለት ፍትሕ አይደለም። በ1996 በካሊፎርኒያ የሳን በርናርዲኖ ቫሊ ኮሌጅ አንድ መምህሩን በቀጣበት ጉዳይ የይግባኝ ፍርድ ቤት የኮሌጁን ደንብ ግልጽነት የጎደለው ብሎታል። የሚከለከለው ነገር አስቀድሞ ይጻፍ። ከምሳሌ ጋር ቢሆን ደግሞ በጣም ይሻላል።

ቅጣት ሲባል ስንብት ብቻ ማሰብ

በመሃል ብዙ እርከን አለ፦ ቁጭ ብሎ መነጋገር፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ለጊዜው ከክፍል ማራቅ፣ እገዳ። አንዴ ያመለጠ ቃልና ተነግሮት የደገመው ቃል አንድ ዓይነት ውሳኔ ሊያገኙ አይገባም። በ20 ሰከንድ ቪዲዮ ብቻም አይፈረድም፤ ከፊቱና ከኋላው የተባለው መሰማት አለበት።

ቅሬታ ያቀረበውን ማጋለጥ

ያ የሚሺጋኑ መምህር ቅሬታ ያቀረበችበትን ተማሪ ስም ሰርዞ የቅሬታ ደብዳቤዋን ቅጂ ለተማሪዎቹ አድሏል። ኮሌጁም ለዚህ አግዶታል፤ ልክ ነበር እላለሁ። ስም መሰረዝ ሰውን አይደብቅም፤ አንድ ክፍል የተቀመጡ ተማሪዎች ማን ምን እንደተባለ ያውቃሉ። አስቀያሚ ቀልድ በውይይት ሊያልቅ ይችላል። ቅሬታ አቅራቢን ማሸማቀቅ ግን ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ መምህሩ በቀልዱ ነፃ ቢወጣ እንኳ በዚህ መጠየቅ አለበት።

«ቅር የተሰኛችሁ ካላችሁ ይቅርታ» ማለት

ይህ ጥፋቱን ወደ ሰሚው መግፋት ነው። «ትናንት በአነጋገርህ ላይ መቀለዴ ስህተት ነው» ማለት ይቻላል። ተማሪው ከፈቀደ ደግሞ ቀልዱ በተነገረበት ክፍል፣ በሳቁት ተማሪዎች ፊት ይባል። በዝግ ቢሮ የተባለ ይቅርታን እነዚያ የሳቁት አይሰሙትም።