የኮከብን ቀለም ለማየት ባይኖኩላሩን ትንሽ አደብዝዙት

ከዋክብት ሁሉ ነጭ ከመሰሏችሁ ይህን ሞክሩ። ባይኖኩላራችሁን ደማቅ ኮከብ ላይ አነጣጥሩና ምስሉ ትንሽ እስኪደበዝዝ ማስተካከያውን አዙሩት። ነጥቧ ሰፋ ስትል ቀለሟ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ማመን አቃተኝ!

ለጅምር ኦሪዮን የተባለውን የከዋክብት ቅርጽ ምረጡ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ምሽት ላይ በደንብ ይታያል። መሃሉ ላይ ሦስት ከዋክብት በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ከነሱ በአንዱ በኩል ቀላ ያለችው ቤተልጌዝ አለች፤ የገጿ ሙቀት 3,300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በሌላው በኩል ያለችው ሪጀል ነጭ ሆና ወደ ሰማያዊ ታደላለች፤ ሙቀቷም ወደ 12,000 ይጠጋል። ፀሐያችን 5,500 አካባቢ ናት። ቀይ ሲባል ብዙዎቻችን ትኩስ ነገር ነው የሚመጣልን፤ በከዋክብት ግን ቀይዋ ቀዝቀዝ ያለችው ናት።

ደግሞ ኦሪዮን ራሱ ኮከብ አይደለም፤ ኅብረ ኮከብ ነው። ከምድር ስናያቸው ጎን ለጎን የመሰሉን ከዋክብት ናቸው እንጂ ጎረቤታሞች አይደሉም። እዚያው ያለችው ቤላትሪክስ 250 የብርሃን ዓመት (አንዱ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ያህል ስትርቀን ሪጀል ከ800 በላይ ትርቃለች።

ከአድማስ ጥግ ያለ ኮከብ ግን አትምረጡ፤ አየሩ ቀለሙን ያዛባዋል።