የሪጅናል ኤርላይን ኦፈር ሲመጣላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት እንዴት እንደምታነቡት

አሜሪካ ውስጥ ልጁ ፓይለት ሆነ ከተባለ ዘመድ አዝማድ ሁሉ አለፈለት ብሎ ነው የሚያስበው፣ እሱ ግን ሪጅናል፣ ለትልልቆቹ በኮንትራት የሚበር አነስ ያለ ኤርላይን ማለት ነው፣ እዛ ላይ ፈርስት ኦፊሰር፣ ማለትም ረዳት ፓይለት፣ ሆኖ የፍላይት ስኩል ብድሩን እየገፋ ሊሆን ይችላል። ይሄን የምጽፈው ለመቀጠር የሚያስፈልገውን የበረራ ሰዓት ሊጨርስ ለደረሰና ኦፈር ለሚጠብቅ ሰው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፣ ሬክሩተሩ የሚነግራችሁ የሰዓት ሂሳብ ደሞዛችሁ አይደለም።

መጀመሪያ ማን እንደሚቀጥራችሁ እዩ። አውሮፕላኑ ላይ ዩናይትድ ኤክስፕረስ፣ ዴልታ ኮኔክሽን ወይ አሜሪካን ኢግል ተብሎ ይጻፍ እንጂ ቀጣሪው ስካይዌስት፣ ሪፐብሊክ፣ ኢንዴቨር፣ ፒኤስኤ ወይ ኤንቮይ ነው። ትኬቱን ሜጀሩ፣ ማለትም ትልቁ ኤርላይን፣ ይሸጣል፣ ለሪጅናሉ ደግሞ ለሠራው በረራ በኮንትራት ይከፍለዋል፣ ስለዚህ ሪጅናሉ የሚያተርፈው ወጪ ሲቀንስ ነው፣ ኮንትራቱም የሚሰጠው በርካሽ ለሚሠራው ስለሆነ ለስንት ዓመት የፓይለቱ ደሞዝ ነው ወደታች ሲጎተት የኖረው። ሪጅናል ይዘጋልም፣ ኮሜር 2012 ላይ ተዘጋ፣ ትራንስ ስቴትስና ኮምፓስ 2020 ላይ። እዛ ስንት ዓመት የበረረ ካፕቴን ሌላ ጋ ሲቀጠር ሲኒዮሪቲው፣ ማለትም በቅጥር ቀን የሚያዘው ተራ፣ ከታች ነው የሚጀምረው፣ ለተራው ልምዱ አይቆጠርለትም። ስለዚህ ኢንተርቪው ላይ ለየትኛው ሜጀር እንደሚበሩና ኮንትራቱ መቼ እንደሚያልቅ ጠይቁ፣ አያስቀይምም።

አሁን ወደ ብሩ። የሚከፈላችሁ በአብዛኛው አውሮፕላኑ ከጌት ከለቀቀበት ሌላኛው ጌት እስኪቆም ላለው ሰዓት ነው። አውሮፕላኑን ዞራችሁ ስታዩት፣ መንገደኛ ሲሳፈር፣ በሁለት በረራ መሀል ሶስት ሰዓት ተርሚናል ላይ ስትቀመጡ ዩኒፎርም ለብሳችኋል፣ ሥራ ላይ ናችሁ፣ ግን ሰዓቱ አይቆጥርም። ስለዚህ ከሰዓት ዋጋው ቀጥሎ ወርሃዊ ጋራንቲውን፣ ትንሽ ብትበሩም በወር የሚከፈላችሁን ትንሹን ሰዓት፣ ፈልጉ፣ ብዙ ቦታ 75 ሰዓት አካባቢ ነው። 90 ዶላር በ75 ሰዓት በወር 6,750 ነው፣ ታክስ ሳይነካው። ድሮ ሰዓቱ 22 ዶላር በነበረበት ጊዜ ግን ያው 75 ሰዓት 1,650 ዶላር ነበር! 100 ሺህ ዶላር በ12 በመቶ ወለድ ተበድራችሁ በ10 ዓመት የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ በየወሩ 1,435 ዶላር ገደማ ይሄዳል። እንዴት ይኖሩ ነበር አትበሉኝ።

ከዛ ሪግ የሚባለውን ፈልጉ፣ ትንሽ ብትበሩም ርቃችሁ ለቆያችሁበት ጊዜ የሚያስከፍል ደንብ ነው፣ ሰው ዘሎት የሚያልፈው ይሄን ነው። ለምሳሌ ለአራት ቀን ትሪፕ ወጣችሁ እንበል፣ ከቤዝ፣ ሥራ ከምትጀምሩበት ኤርፖርት፣ የራቃችሁት በጠቅላላ 80 ሰዓት ነው፣ የበረራችሁት ግን 14 ሰዓት ብቻ። ሪግ ከሌለ 14 በ90፣ 1,260 ዶላር ነው። የፓይለቶቹ ኮንትራት ከቤዝ ርቃችሁ ለምትቆዩበት ለየአራቱ ሰዓት አንድ ሰዓት የሚከፍል ከሆነ ግን 20 ሰዓት ይታሰብላችኋል፣ 1,800 ዶላር ማለት ነው። ለአንድ ትሪፕ 540 ዶላር ልዩነት፣ በወር አራቴ ስትወጡ አስቡት። በሰዓት 5 ዶላር ጨምሮ ሪግ የሌለው ካምፓኒ ስጦታ መስሏችሁ እንዳትሸወዱ። በረራ ሲሰረዝ ይከፈላል ወይ፣ ተሳፋሪ ሆናችሁ ስትላኩ፣ ዴድሄድ ማለቴ ነው፣ ሙሉ ነው ወይስ ግማሽ፣ እሱንም አብራችሁ እዩ።

የሰዓት ዋጋው ውስጥ ጭማሪ ካለ ደግሞ ቋሚ መሆኑን አጣሩ። ኤንቮይ፣ ፒኤስኤና ፒድሞንት 2022 ላይ ለአዲስ ፈርስት ኦፊሰር በሰዓት 90 ዶላር ሲሉ ሲሶው እስከ ኦገስት 2024 የሚቆይ ጊዜያዊ ጭማሪ ነበር። ጊዜው ፓይለት የጠፋበት ነበር፣ 2024 ላይ ቅጥሩ ሲቀዘቅዝ ኦፈር ይዘው የትሬኒንግ ክላስ የሚጠብቁ ልጆች ብዙ ነበሩ። ሳይኒንግ ቦነስም እንደዛው ነው፣ አንድና ሁለት ዓመት ሳትሞሉ ከወጣችሁ መልሱ የሚል ይኖረዋል፣ የትሬኒንግ ወጪ የሚያስመልስም አለ፣ ስንት ዶላርና እስከመቼ እንደሆነ በጽሁፍ ይስጧችሁ።

ቤዝ። እዚህ ጋ ነው ኑሮው የሚበላሸው። ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተሰቡ ጋ ያለ ልጅ ቤዙ ሬገን ኤርፖርት ከሆነለት እናቱ ቤት እየበላ ይሠራል፣ ቻርሎት ከተሰጠው ግን ቦታ ከተረፈ ባዶ ወንበር ላይ፣ ካልተረፈም ጃምፕሲት፣ ኮክፒት ውስጥ ያለችው ትርፍ ወንበር፣ ላይ ተለማምኖ ነው ሥራ የሚገባው፣ ያውም በእረፍት ቀኑ። አዲስ ስለሆነ ሪዘርቭ፣ ማለትም ተጠባባቂ፣ ነው፣ ስልክ ሲደወል በሁለት ሰዓት ውስጥ ድረስ ሊሉት ይችላሉ፣ ስለዚህ ክራሽ ፓድ ይከራያል፣ ድርብ አልጋ የተደረደረበት ክፍል ውስጥ አንዱ ከንጋቱ አስር ሰዓት አላርሙ ይጮሃል፣ አንዱ በዛው ሰዓት ገብቶ ሻንጣውን ይጎትታል። ሲኒዮሪቲያችሁ ስንት ጊዜ ሪዘርቭ ላይ እንደሚያቆያችሁ የሚያውቀው ሬክሩተሩ ሳይሆን እዛው ቤዝ ያለ ፈርስት ኦፊሰር ነው፣ ፈልጋችሁ አናግሩት።

ይሄ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፌብሩዋሪ 2009 ላይ ኮልጋን የሚባለው ሪጅናል በረራ 3407 ባፋሎ አጠገብ ተከስክሶ 50 ሰው ሲሞት፣ ፈርስት ኦፊሰሯ ከሲያትል ኒውዋርክ ሌሊቱን በካርጎ አውሮፕላን ኮሚዩት አድርጋ፣ ከቤቷ ወደ ቤዟ ማለት ነው፣ እንደመጣች በምርመራው ወጣ፣ ደሞዟም ያኔ መነጋገሪያ ሆነ። ከዛ በኋላ ነው ኤርላይን ከመቀጠር በፊት በአብዛኛው 1,500 ሰዓት መብረር የሚጠይቀው ደንብ የመጣው፣ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ከሥራ በፊት 10 ሰዓት እረፍት ግዴታ ሆነ። ግን የሆቴል ቫን የምትጠብቁበት ጊዜ ከ10 ሰዓቱ ውስጥ ነው፣ ኮሚዩት ስታደርጉ ያደራችሁበት ደግሞ እንደ ሥራ አይቆጠርም።

ዩኒየን ካለ የፓይለቶቹን ሙሉ ኮንትራት በፒዲኤፍ ላኩልኝ በሉ፣ ስካይዌስት ዩኒየን ስለሌለው የፓይለት ፖሊሲውን ጠይቁ። ፋይሉን ከፍታችሁ ጋራንቲ፣ ሪግ፣ ዴድሄድ፣ ሪዘርቭ፣ ኮሚዩተር ፖሊሲ እያላችሁ ሰርች አድርጉ። ኮሚዩተር ፖሊሲው በተለይ በረራ ሞልቶ ሳትደርሱ ብትቀሩ ቅጣት አለው ወይስ የለውም የሚለውን ነው የሚነግራችሁ፣ ከቤታችሁ ውጭ ቤዝ ከተሰጣችሁ መጀመሪያ እሱን አንብቡ።