የክፍል ግሩፕ ሲከፈት የሚሠሩ ስህተቶች

ሴሚስተር ሲጀመር መምህሩ ኮርስ አውትላይኑን አስረድቶ ሳይጨርስ አንዱ ከኋላ «በቃ ግሩፕ እንክፈት» ይላል። ለመክፈቱ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ማን ይጽፋል? ማን ያነባል? ማን ይገባል? ይህን የሚጠይቅ ግን የለም። የግሩፑን ዓይነት የሚወስነው ደግሞ ይኸው ነው።

ማስታወቂያና ወሬ አንድ ላይ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ተወካዩ ማታ 3 ሰዓት ላይ «የከሰዓቱ ሚድ ወደ ጠዋት 2 ሰዓት መጥቷል» ብሎ ይጽፋል። ከሥሩ «የምር?» ይመጣል። «የቱ ሚድ?»፣ «ምዕራፍ 4 አለ እንዴ?»፣ ስቲከር፣ ሌላ ስቲከር፣ ከዚያ የአርሴናል ጨዋታ ይጀመራል። በጊዜ የተኛው ልጅ ጠዋት ሲነሳ መቶ ምናምን ያልተነበበ መልእክት ይጠብቀዋል። ማን ያን ሁሉ ያነባል? ቁርሱን ተረጋግቶ ሲበላ ፈተናው ያልፈዋል።

ቴሌግራም ላይ ለዚህ የሚሆነው ቻናል ነው። ቻናል ላይ የሚጽፉት አድሚኖች ብቻ ናቸው፤ ሌላው ያነባል። ጥያቄ ያለው የት ይጠይቅ ካላችሁ፣ ቻናሉን ከአንድ ግሩፕ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ያኔ ከየማስታወቂያው ሥር ኮሜንት መስጫ ይከፈታል፤ ጥያቄውም እዚያው ይቀራል።

ሁለት ቦታ ማስተዳደር ከከበዳችሁ ግሩፑን በየርዕሱ የሚከፋፍለውን ቶፒክስ የሚለውን አብሩት። አንዱን «ማስታወቂያ» በሉትና ዝጉት፤ ከተዘጋ አድሚን ብቻ ነው የሚጽፍበት። የቀረውን በየኮርሱ ከፋፍሉት። ለኳስም የራሱ ቶፒክ ይሰጠው፤ ባይሰጠውም መምጣቱ አይቀርም። ፒን ማድረግም ይረዳል። አሥር ነገር ፒን ከተደረገ ግን ምንም ፒን እንዳልተደረገ ነው።

የአምስት ሰው ሥራ በትልቁ ግሩፕ

የግሩፕ አሳይመንት እዚያ ሲሠራ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» የሚሉ ፋይሎች ይደረደራሉ፤ ለመምህሩ የሚላከው የቱ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ለወሬው አምስታችሁ ብቻ ያላችሁበት ትንሽ ግሩፕ ይበቃል። ጽሑፉ ግን ጎግል ዶክስ ላይ ይሁን። ለአባላቱ የማረም ፈቃድ፣ ለአድቫይዘሩ የአስተያየት ፈቃድ ስጡ። ሊንኩን ላገኘ ሁሉ የማረም ፈቃድ መስጠት ግን ጣጣ አለው፤ ከሌላ ሴክሽን የመጣ ሰው ሥራችሁን ሊያበላሸው ይችላል። ዶክስ የለውጥ ታሪክ ስለሚይዝ የተበላሸውን መመለስ ይቻላል። ያው ታሪክ ማን ምን እንደጻፈም ያሳያል። ስሙን ብቻ ለሚያስገባው ጓደኛችሁ ይህ መልካም ዜና አይደለም።

ለሁሉም ክፍት ማድረግ

ፐብሊክ ግሩፕን ማንም ፈልጎ ይገባበታል። ስለዚህ ሳምንት ሳይሞላ «የፈተና መልስ አለን» የሚሉ አጭበርባሪዎች ቢመጡ አይግረማችሁ። የክፍል ግሩፕ ፕራይቬት ይሁን። መግቢያው ሊንክ የጊዜ ገደብ ሊኖረው ወይም በአድሚን ፈቃድ ብቻ ሊያስገባ ይችላል። ውጤት ከነመታወቂያ ቁጥሩ መለጠፍ ግን ፕራይቬትም ላይ ነውር ነው።

ዋትስአፕን ከመረጣችሁ የአባላት ስልክ ቁጥር እርስ በርስ እንደሚታይ አስቡ። የማያውቁት ሰው ሌሊት ሲደውል ምን ያህል እንደሚያስመርር ሴት ተማሪዎችን ጠይቁ። ቴሌግራም ላይ ግን ካልቀየራችሁት በቀር ቁጥራችሁ ለማታውቁት የግሩፕ አባል አይታይም፤ ማን እንደሚያየው ሴቲንግ ገብታችሁ መወሰን ትችላላችሁ።

ቲምስ ላይ ያገኙትን መጫን

ዩኒቨርሲቲው የማይክሮሶፍት አካውንት ከሰጠ፣ ቲምስ የሚባለው የማይክሮሶፍት የቡድን መተግበሪያ አዲስ ቡድን ሲከፈት ዓይነቱን ይጠይቃል፦ ለክፍል፣ ለመምህራን የሙያ ቡድን፣ ለሠራተኞች፣ ወይም ሌላ። ለኮርስ «ሌላ» የሚለውን የመረጠ መምህር አሳይመንት የሚሰጥበትንና የሚያርምበትን ቦታ ሲፈልግ ይውላል፤ እሱ ያለው የክፍሉ ዓይነት ላይ ነው። ለተማሪዎች ክበብ ደግሞ የክፍሉን ብትመርጡ አንዳችሁ «መምህር»፣ ሌላው «ተማሪ» ሆኖ ይቀመጣል። ለክበብ «ሌላ» ይሻላል።

ቁልፉ አንድ ሰው ጋ

ግሩፑን የከፈተው ልጅ ሲመረቅ ወይም ዲፓርትመንት ሲቀይር ባለቤትነቱን ያስተላልፍ። ቴሌግራም ይህን የሚፈቅደው አካውንቱ ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ካለ፣ እሱም ቢያንስ 7 ቀን ከሞላው ነው። የምረቃ ማግስት ላይ ማስታወስ ዋጋ የለውም። እስከዚያው ሁለት ተጨማሪ አድሚን ይኑር።

ሁሉን በአንድ መተግበሪያ

በየካቲት 2015 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ተገድበው ለወራት ቆይተዋል። ቪፒኤን (ገደቡን የሚያሳልፍ መተግበሪያ) ያለው ገባ፤ የሌለው ከጓደኛው ሰማ። ስለዚህ የፈተና ፕሮግራም ከሆነ በኢሜይልም ይላክ፤ የዲፓርትመንቱ ሰሌዳ ላይም ይለጠፍ። ፓኬጅ ያለቀበት ልጅ በየክፍሉ አይጠፋም።