ግራጫ ግሌዝ በስቶንዌር ላይ እንዴት ይሠራል?

ጥሩ ግራጫ፣ ነጭ ግሌዝ (ሸክላ ላይ ተለብሶ ሲቃጠል እንደ መስታወት የሚሆን ልባስ) ውስጥ ጥቁር ቀለም በመጨመር ብቻ አይገኝም። እንደዚያ የተሠራው ብዙ ጊዜ ድርቅ ያለና ሕይወት የሌለው ይሆናል። ዓይን የሚይዘው ግራጫ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ ወደ ሰማያዊ፣ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቡናማ። ሥራው ወዴት እንደሚያደላ ማወቅና የፈለጋችሁት ቦታ ላይ መግታት ነው። ይህን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ጭቃው ውስጥ ያለው ብረት፣ ግሌዙ ውስጥ የሚገባው ኦክሳይድ እና እቶኑ ውስጥ ያለው አየር።

በቅድሚያ ጭቃው

እዚህ የምናወራው በኮን 10 ስለሚቃጠል ስቶንዌር፣ ማለትም በከፍተኛ ሙቀት ስለሚጠነክር ሸክላ ነው። ኮን የእቶን ሙቀት መለኪያ ነው፤ ኮን 10 ከ1,285 እስከ 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ማለት ነው። ጀበናና ምጣድ የሚሠራበት ቀይ አፈር ለዚህ ሙቀት አይሆንም። እሱ የሚቃጠለው ከዚህ በብዙ ባነሰ ሙቀት ነው። እዚህ ከገባ ያብጣል፣ ይጎብጣል፣ ቀልጦም መደርደሪያው ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ስለዚህ ለኮን 10 የተዘጋጀ ጭቃ ግዙ። ከተቻለ ሁለት ዓይነት ይሁን፤ አንድ ነጭ፣ አንድ ብረት ያለበት ቡናማ። ያው ግሌዝ ነጩ ላይ ጥርት ያለ ግራጫ ይሆናል። ቡናማው ላይ ደግሞ ሞቅ ይልና ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ይወጡበታል። እኔ ቡናማውን እመርጣለሁ። ግራጫው ጥልቀት ያገኛል።

መነሻ ግሌዝ

በሸክላ ሠሪዎች ዘንድ 4-3-2-1 እየተባለ የሚጠራ ቀላል ቅመራ አለ። ለኮን 10 አስተማማኝ ነው፤ ቁጥሮቹ በክብደት ናቸው፦

ፖታሽ ፌልድስፓር 40
ሲሊካ 30
ካልሲየም ካርቦኔት 20
ካኦሊን 10

ይህ ብቻውን ሲቃጠል የሚያብረቀርቅና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ለግራጫ ትንሽ መሸፈን ስላለበት 8 ዚርኮኒየም ሲሊኬት ጨምሩበት። ለዚሁ ሥራ ቲን ኦክሳይድም ይሆናል። ግን ክሮም ያለበት ጥቁር ስቴይን (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የግሌዝ ቀለም) የምትጠቀሙ ከሆነ ቲኑን ተዉት፤ ክሮምና ቲን ሲገናኙ ግራጫው ወደ ሮዝ ይሄድባችኋል። እንዳያብረቀርቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሲሊካውን ቀነስ፣ ካኦሊኑን ጨመር እያደረጋችሁ ሞክሩ።

ዱቄቱን ከመንካታችሁ በፊት ለአቧራ የተሠራ ማስክ አድርጉ። የጨርቅ ማስክ አይበቃም። የሲሊካ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ ጉዳቱም አይመለስም። ጠረጴዛውን በእርጥብ ስፖንጅ አጽዱ እንጂ በመጥረጊያ አትጥረጉ። ማንጋኒዝና ኒኬልም በባዶ እጅ የሚነኩ ነገሮች አይደሉም።

ሰማያዊውን መግራት

ከኦክሳይዶች ሁሉ ጉልበተኛው ኮባልት ነው። ከመቶ ግማሽ ግራም እንኳ ግሌዙን ሰማያዊ ያደርገዋል። ብረት በኤሌክትሪክ እቶን፣ ማለትም አየር እንደልብ ባለበት፣ ወደ ቢጫና ቡናማ ይሄዳል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ቀለም ያደበዝዛል፤ ግራጫውም ከዚያ ይመጣል። በጋዝ እቶን አየሩ ሲቀነስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሪዳክሽን የሚባለው ይህ ነው። ብረቱ ኦክስጅን ይነጠቅና ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ያኔ ሰማያዊውን ብቻውን አይገታውም። 1 ግራም ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ቢገባ ወደ ቡናማ ስለሚስብ ሚዛኑን ይመልሰዋል። ትንሽ ኒኬል ኦክሳይድም፣ ግማሽ ግራም አካባቢ፣ ቀለሙን ያደበዝዛል።

መጠኑን በግምት አትሥሩ። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው።

ሁለት ባልዲ አዘጋጁ። ሁለቱም ውስጥ አንድ ዓይነት መነሻ ግሌዝ፣ እኩል ክብደት፣ እኩል ውሃ ይግባ። ለ100 ግራም ዱቄት ከ80 እስከ 100 ግራም ውሃ ይበቃል፤ ከወተት ወፈር ያለ ይሁን። «ሀ» እንዳለ ይቆይ። «ለ» ላይ ለእያንዳንዱ 100 ግራም መነሻ ዱቄት 2 ግራም ቀይ የብረት ኦክሳይድና 0.5 ግራም ኮባልት ካርቦኔት ጨምሩ። ካርቦኔቱ ከኦክሳይዱ ይልቅ በደንብ ስለሚሰራጭ ሰማያዊ ነጥብ አይተውም። ሚዛናችሁ የግራምን መቶኛ ማንበብ አለበት፤ የወጥ ቤት ሚዛን እዚህ አይሠራም። ሁለቱንም በ80 ሜሽ ወንፊት ሁለት ሁለት ጊዜ አሳልፉ።

ከዚያ መርፌ በሌለው ስሪንጅ እየለካችሁ ስድስት ኩባያ ላይ አደባልቁ። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ «ሀ» ነው። ቀጣዩ 80 ሚሊ ሊትር «ሀ» እና 20 ሚሊ ሊትር «ለ»። ከዚያ 60 በ40፣ 40 በ60፣ 20 በ80፣ መጨረሻ ላይ ሙሉ «ለ»። ከእያንዳንዱ መቅጃ በፊት ባልዲውን አማስሉ፤ ዱቄቱ ቶሎ ይዘቅጣል።

የሙከራ ቁራጮቹ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ይሁኑ። ተኝተው ከተቃጠሉ ግሌዙ ይፍሰስ አይፍሰስ አይታወቅም። ቀድመው በ1,000 ዲግሪ አካባቢ የተቃጠሉ መሆን አለባቸው። ግማሹን አንዴ፣ የላይኛውን ክፍል ሁለቴ ንከሩ። ግራጫ በውፍረት በጣም ስለሚለወጥ ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል። ከጀርባው ቁጥሩን በብረት ኦክሳይድ ጻፉ፤ እርሳስ ተቃጥሎ ይጠፋል።

ሲወጡ በቀን ብርሃን አስተያዩአቸው። ሁሉም ሰማያዊ ከሆኑ ኮባልቱን በግማሽ ቀንሳችሁ እንደገና። ወደ አረንጓዴ ካደሉ ብረቱን ቀንሱ ወይም ማንጋኒዝ ጨምሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ካልሆነ ምን ምን እንዳደረገ አታውቁም።

ኮባልት የሌለበት ግራጫ

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግራጫ ግሌዙ ውስጥ ምንም ቀለም የማይገባበት ነው። የጃፓን ሸክላ ሠሪዎች በሚኖ፣ በዛሬው ጊፉ አውራጃ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሠሩት ነው፤ ኔዙሚ ሺኖ ይባላል፤ ሺኖ ወፍራም ነጭ ግሌዝ የሚለብስ የሚኖ ሸክላ ነው። አሠራሩ ከጊዜ በኋላ ተረስቶ ነበር። ሸክላ ሠሪው አራካዋ ቶዮዞ እ.ኤ.አ. በ1930 በሚኖ የጥንት እቶን ፍርስራሽ ውስጥ የሺኖ ስባሪ አገኘ፤ ቀሪ ሕይወቱንም ያንን አሠራር መልሶ ለማግኘት ሰጠ። በ1955 የጃፓን መንግሥት ሕያው ብሔራዊ ቅርስ ብሎ ሰየመው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ነጭ ጭቃ ላይ ብረት የበዛበት ቀጭን ጭቃ ይቀባል። በላዩ ወፍራም ነጭ ግሌዝ ይለበሳል። ብረቱ ከታች ሆኖ በነጩ ውስጥ ሲታይ ግራጫ ይሆናል።

ለመነሻ የዚያኑ ነጭ ጭቃ ደረቅ ዱቄት 85፣ ቀይ የብረት ኦክሳይድ 15 በውሃ በጥብጡ። ዕቃው ጠንከር ብሎ ገና እርጥበት ሳይለቀው ቀቡት። የቀባችሁት መንጸባረቁን ሲተው በእንጨት ወይም በብረት ጫፍ የምትፈልጉትን ሥዕል ፍቃችሁ ነጩን ጭቃ አውጡ። ሣር፣ ወፍ፣ መስመር፣ ምንም ይሁን። ከዚያ ደርቆ መጀመሪያው እሳት ውስጥ ይግባ።

ግሌዙ ከሞላ ጎደል ፌልድስፓር ነው፦ 80 ሶዳ ፌልድስፓር፣ 20 ቦል ክሌይ (ደቃቅና በቀላሉ የሚለጠጥ ጭቃ)። ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። በመርፌ ጫፍ ጫር አድርጋችሁ ለኩት። ሲቃጠል ሥዕሉ ነጭ፣ ዙሪያው ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ከንፈሩ ላይ ግሌዙ ስለሚሳሳ ብረቱ ቀይ ቡናማ ሆኖ ብቅ ይላል። እዚህም እዚያም መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ይኖራል፤ በሺኖ እንደ ጉድለት አይታይም። ግሌዙ ከልክ በላይ ከወፈረ ግን ተሰብስቦ ጭቃውን ራቁቱን ይተወዋል።

እሳቱ

የጋዝ እቶን እስከ 900 ዲግሪ ድረስ አየር እንደልብ እየገባ በሰዓት ከ100 እስከ 150 ዲግሪ ይጨምር። 900 ላይ ግሌዙ ገና አልቀለጠም፤ ጭቃው አየር የሚያጣው እዚህ ነው። የጭስ መውጫውን በከፊል ዝጉ። በመመልከቻ ቀዳዳው ትንሽ ነበልባል ብቅ ሲል በቂ ነው። ለ45 ደቂቃ ያህል አቆዩት፤ ከዚያ ቀለል ባለ ሪዳክሽን እስከ ኮን 10 ውሰዱት። ጥቁር ጭስ እየወጣ ከሆነ በዝቷል፤ ነዳጅ ከማባከንና ሙቀቱን ከማቆም ሌላ ጥቅም የለውም። እቶኑ በሪዳክሽን ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ስለዚህ ውጭ ወይም አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ቦታ ብቻ ይነድ።

የኤሌክትሪክ እቶን ብቻ ካላችሁ ሪዳክሽን አትሞክሩ፤ ሽቦውን ይበላዋል። እዚያ በብረትና በኮባልቱ ቅልቅል ሥሩ፤ ኔዙሚውን ጋዝ እስክታገኙ አቆዩት።

ለምግብ የሚሆን ዕቃ ከሆነ ከመጠቀማችሁ በፊት አንድ የሙከራ ቁራጭ ላይ የተቆረጠ ሎሚ ደፍታችሁ አሳድሩ። ጠዋት ቦታው ከደበዘዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ግሌዙ ኦክሳይዱን አልያዘም ማለት ነው። ያንን ግራጫ ለውጭው ብቻ አድርጉት፤ ውስጡን ቀለም በሌለው ግሌዝ ልበጡ።