ከአኻያ ጭራሮ ቀዩን የውሃ ተርብ መሥራት

ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ባለችው የእንጨት ሥራ ቤቴ ጣሪያ ላይ በእጄ የሠራሁት አንድ ብርቱካንማ የአውሮፕላን ሞዴል ተንጠልጥሏል። አልጋ ሊያዝዝ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ እሱ ነው። እውነተኛው የጃፓን ባሕር ኃይል ማሠልጠኛ አውሮፕላን ነበር፤ እነሱ «አካቶምቦ» ይሉታል፣ ቀይ የውሃ ተርብ ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖችና አጋሮቻቸው ለጃፓን ማሠልጠኛዎች የዛፍ ስም ያወጡ ነበርና ይህንን «ዊሎው» አሉት። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ «ጋሼ፣ ወሎ ብለውት ነው?» አለኝ። አይደለም፤ አኻያ ማለት ነው። እኔም በስሙ ሰበብ ከቦርከና ዳር የአኻያ ጭራሮ ለቀምኩ።

እውነተኛው ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 11 ሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሜትር ያህል ነው። ለ20 ስታካፍሉት 55 እና 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከዚያ ካነሰ ጣት አያሠራም።

ጭራሮውን እርጥብ ሳለ ላጡትና አንድ ሳምንት በጥላ አድርቁት፤ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ለአካሉ አራት ረጃጅሞችን ወደ ጭራው እያጠበባችሁ በክርና በኮላ እሰሩ። ከላይ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ፣ ለተማሪና ለአስተማሪ ሁለት ክፍት መቀመጫ ተዉ።

ልብ የሚፈልገው ክንፉ ነው፤ ላይና ታች ድርብ ነውና። ቀጫጭን የካርቶን ቁራጮችን በጭራሮ ላይ ደርድሩና ያረጀ ነጠላ አልብሱት፤ የእውነተኛውም አካል በአብዛኛው ጨርቅ ለባሽ ነበር። ከዚያ ኮላን በእኩል ውሃ አቅጥናችሁ ቀቡት። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። እኔ የመጀመሪያውን በነሐሴ፣ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ሳለ፣ አንድ ጎኑን ብቻ ቀብቼ አደርኩ። ጠዋት እንደ ድርቆሽ ተጠማዝዞ አገኘሁት። ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ ቀቡ፣ እስኪደርቅም ከጠፍጣፋ ጣውላ ጋር አስራችሁ አቆዩት።

ሞተሩ «አማካዜ» የሚባል ባለ 340 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ ዘጠኝ ሲሊንደሮቹ እንደ ፀሐይ ጨረር ዙሪያውን የተተከሉ ናቸው። የለስላሳ ቆርኪ ዙሪያ ዘጠኝ የእስክሪብቶ ቀፎ ቁራጭ ለጥፉ፣ ከፊቱ ባለ ሁለት ምላስ መዘውር። በጎማ ፋንታ ተንሳፋፊ ያለው ዓይነትም ነበር፤ ሐይቅ ላይ ልሞክረው አስቤ ነጠላው ውሃ ስለሚጠጣ ተውኩት።

አሁን ቀለሙ። እ.ኤ.አ. በ1933 መጀመሪያ ከበረረ በኋላ ከ5,700 በላይ ተሠርቷል፤ ብርቱካንማ የሆነውም «ለማጅ» እንደለጠፈ መኪና ሌላው አብራሪ አይቶ እንዲጠነቀቅለት ነው። በጦርነቱ መጨረሻ ግን ጀርባውን ጥቁር አረንጓዴ ቀብተው ለአጥፍቶ መጥፋት ሰደዱት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 1945 ኦኪናዋ አጠገብ «ካላጋን» የተባለችውን የአሜሪካ መርከብ አሰጠመ፤ 47 መርከበኞች ሞቱ። እንጨትና ጨርቅ የበዛበት አካሉ ለራዳር በቀላሉ አይታይም ነበር። ደሴ ራሷ ኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ቦምብ የወረደባት ከተማ ናትና አረንጓዴውን መቀባት አልወድም። አንድ ደንበኛ ካልሆነ ብሎ ሲለምነኝ ቀባሁለት፤ ሆዱን ግን ብርቱካንማ ተውኩት።

ስትሰቅሉት ከላይኛው ክንፍ የፊት ጠርዝ ትንሽ ወደ ኋላ በጣታችሁ አንሱት። ጭራው ካዘቀዘቀ ከቆርኪው ጀርባ ብሎን ደብቁለት፤ አፍንጫው ከከበደ ደግሞ ክሩን ወደ ፊት አምጡት።