ኩርባው ላይ የምትቆመው ባቡሬ

ደሴ ቤቴ ውስጥ፣ አንድ ሰፊ ጣውላ ላይ የአዋሽ–ኮምቦልቻን የባቡር መስመር ሞዴል በ1፡87 (ከእውነተኛው 87 ጊዜ አሳንሼ) እየሠራሁ ነው። ባቡሯ ኤሌክትሪክ የምታገኘው ከሐዲዱ ነው። የእውነተኛው ሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊሜትር ነው፤ የእኔው 16.5።

ከቦርከና ያመጣሁትን አሸዋ በእናቴ ወንፊት ነፍቼ (ወንፊቷን ዛሬም ትጠይቀኛለች) ሐዲዱ ሥር በእንጨት ኮላ ለጠፍኩት። አማረልኝ። በማግስቱ ግን ባቡሯ ሩቁ ኩርባ ላይ ስትደርስ ቀጥ! ሐዲዱን በአልኮል ወለወልኩ። ወይ ፍንክች።

ቴስተር አወጣሁ። መቆጣጠሪያው አጠገብ 12 ቮልት፣ ኩርባው ላይ 5። ለካ በውሃ ያቀጠንኩት ኮላ ሐዲዶቹን የሚያያይዙት ቀጫጭን ብረቶች ውስጥ ገብቶ ደርቆ ኤሌክትሪኩን አግዷል።

እሱን መፋቅ አያዋጣም። ከመቆጣጠሪያው ተነስቼ ከጣውላው ሥር ቀይና ጥቁር ወፍራም ሽቦ ዘረጋሁ። ከዚያ ለእያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ ከዚያ ወፍራም ሽቦ ላይ ቀጭን ሽቦ እያወጣሁ በብየዳ ካውያ በየድኩ። የመጀመሪያው ላይ የፕላስቲክ አግዳሚዎቹን አቀለጥኳቸው፤ ቅጥል ነው ያልኩት። ቀጥሎ የሐዲዱን ጎን በምላጭ ፍቄ፣ ግራና ቀኙ ላይ እርጥብ ጨርቅ አስቀምጬ፣ ካውያውን ሁለት ሰከንድ ብቻ አስነክቼ አነሳሁ። ሠራ። ቀይና ጥቁሩን ካቀያየራችሁ ግን ሾርት ያደርጋል።

አሁን ኩርባው ላይ 11.8 ቮልት አለ። ባቡሯ ሳታንገራግር ኮምቦልቻ ትገባለች።